በሩን ማን ቆለፈው? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ውስጥ የአሜሪካ ሂስትሪ ክላስ ያስመረረው ሰው ብዛት ገርሞኛል፣ ደግሞ የሚያማርሩት ስለ አንድ ዘመን ነው፣ ከ1900 እስከ 1920ዎቹ ስላለው። ስለዚህ የኢሚግሬሽኑንም የታክሱንም ጥያቄ ለሌላ ጊዜ አቆይቼ ዛሬ እሱን ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ነዎት? እኔ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነርሲንግ ልገባ እየተዘጋጀሁ ነው፣ ሂስትሪ የግድ ነው ስላሉኝ ከ1877 ወዲህ ያለውን የአሜሪካ ታሪክ ወሰድኩ። አገር ቤት እያለሁ ታሪክ ላይ ኃይለኛ ነበርኩ፣ አንዴ የሸመደድኩት አይጠፋኝም። ለሚድተርሙ ከመቶ በላይ ፍላሽ ካርድ ሠርቼ ፕሬዚዳንት ማኪንሊ መቼ ተገደለ፣ ስታንዳርድ ኦይል የሚባለው የነዳጅ ኩባንያ መቼ ተበተነ፣ አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ መቼ ገባች፣ አንድ ሳይቀር በቃሌ ይዤ ሄድኩ። የመጣው ጥያቄ ግን «መንግሥት በፋብሪካና በሠራተኛ ጉዳይ እጁን ማስገባት ለምን ጀመረ?» የሚል ኤሴይ ነው። የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩት፣ አራት ገጽ ሞላሁ፣ ሲ ማይነስ ሰጠኝ። ከስሩ ደግሞ «ይሄ ዝርዝር ነው፣ ክርክርሽ የታለ?» ብሎበታል። የምን ክርክር? ያለፈ ነገር ላይ ምን ያከራክራል? ፋይናል ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። (ካርድ የሰለቻት)

መልስ፦ እህቴ፣ በሲ ማይነስ አትዘኚ። እኔ ኮሌጅ ስገባ የመጀመሪያ ኤሴዬን ከ1901 ጀምሬ ዓመት በዓመት እየተራመድኩ 1920 አድርሼው፣ አስተማሪው የመጨረሻው ገጽ ላይ «እና?» ብቻ ጽፎ መለሰልኝ። አንድ ቃል። ያቺ «እና» እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

ምን ያከራክራል ላልሽው፣ ማኪንሊ 1901 ላይ ቡፋሎ ከተማ ውስጥ ተተኩሶበት መሞቱ ላይ ማንም አይከራከርሽም። እሱን የተካው የ42 ዓመቱ ቴዎዶር ሩዝቬልት ግን በሚቀጥለው ዓመት የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አድማ ሲመቱ ለምን ወታደር ልኮ አልበተናቸውም፣ ለምን ሁለቱን ወገን ጠርቶ ላስማማችሁ አለ የሚለው ላይ ሰው እስከዛሬ ይነታረካል። ፈሪ ነው የሚል አለ፣ ክረምት እየመጣ ከተማው በብርድ እንዳያልቅ ነው የሚል አለ፣ ሶሻሊስቶቹ እንዳይበረቱ ነው የሚልም አለ። አስተማሪሽ የሚፈልገው ከነዚህ አንዱን ይዘሽ እንድትሟገቺ ነው።

አሁን እኔ የምመክርሽ መቶውን ካርድ ተይና አንድ ነገር ያዢ፣ አንድ ብቻ፣ ከዚያ ክሩን ጎትቺ። እኔ ሁሌ የምይዘው የትራያንግልን ቃጠሎ ነው፣ የሸሚዝ ፋብሪካ ስለሆነ ክር መጎተቱም ያምርበታል።

ቅዳሜ ነው፣ ማርች 25፣ 1911። ማንሃተን ውስጥ አሽ ቢልዲንግ የሚባል ባለ 10 ፎቅ ሕንፃ አለ፣ አሁንም ቆሟል፣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ነው። የላይኞቹን ሦስት ፎቆች ትራያንግል የሚባል የሴቶች ሸሚዝ የሚሰፋበት ፋብሪካ ይዟቸዋል። ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዶችና ጣሊያኖች ናቸው፣ ልጃገረዶች፣ የ14 ዓመት ልጅ ሁሉ አለችበት። ወደ ቤት ሊወጡ ትንሽ ሲቀራቸው 8ኛው ፎቅ ላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ የሚጣልበት ሳጥን ውስጥ እሳት ተነሳ። 10ኛው ፎቅ ላይ ለነበሩት ባለቤቶች በስልክ ተነገራቸውና በጣራ ወጥተው ተረፉ። 9ኛው ፎቅ ላይ ላሉት ማንም አልነገራቸውም፣ እሳቱ ራሱ ነው መጥቶ የነገራቸው። በአንደኛው ደረጃ በኩል ነበልባል፣ በሌላኛው በኩል በሩ ተቆልፏል፣ ከውጭ ያለው የብረት መሰላል ሰው ሲበዛበት ተገነጠለ፣ የእሳት አደጋ መኪናው መሰላል ደግሞ የሚደርሰው 6ኛው ፎቅ ድረስ ነው። መስኮት ላይ ቆመው የነበሩት ዘለሉ። 146 ሰው ሞተ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

አንቺ ካርድሽ ላይ «ትራያንግል፣ 1911፣ 146» ብለሽ እንደጻፍሽ እገምታለሁ። ጀርባውን ገልብጪና አንድ ጥያቄ ጻፊበት፦ በሩን ማን ቆለፈው?

አለቆቹ ናቸው። ለምን? ሴቶቹ ሲወጡ ሁሉም በአንድ በር እንዲያልፉና ቦርሳቸው እንዲፈተሽ፣ ጨርቅ እንዳይሰረቅ ነው። ሕጉስ ምን ይላል? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው፣ የኒውዮርክ ሕግ በሥራ ሰዓት የፋብሪካ በር አይቆለፍ ይል ነበር! ሕጉ ነበረ ማለት ነው፣ ሄዶ የሚያይ ግን የለም። ባለቤቶቹ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ፍርድ ቤት ቀርበው በነፃ ተለቀቁ፣ ምክንያቱም ዳኛው ጁሪውን «በዚያች ሰዓት በሩ መቆለፉን ያውቁ እንደነበር ካላረጋገጣችሁ አትፍረዱባቸው» ብሏቸዋል። በ1914 በፍትሐ ብሔር ክስ ለአንድ ሟች 75 ዶላር ከፈሉ። ኢንሹራንሱ ለባለቤቶቹ የከፈላቸው ከዚያ በብዙ ይበልጣል።

አሁን ወደ ኋላ ጎትቺው። ከቃጠሎው በፊት ሴቶቹ ዝም ብለው ነበር ወይ? አልነበረም። በ1909 ኖቬምበር ላይ ኩፐር ዩኒየን አዳራሽ ውስጥ ወንዶቹ የማኅበር መሪዎች ንግግር ሲያንዛዙ ክላራ ሌምሊክ የምትባል የ23 ዓመት ሰፊ ተነስታ በዪዲሽ ቋንቋ «ወሬው በቃን፣ አድማ እንምታ» አለች፣ ከ20 ሺህ በላይ ሸሚዝ ሰፊዎች ወጡ። ብዙ ፋብሪካዎች ለዩኒየኑ እጅ ሰጡ። ትራያንግል አልሰጠም። ይሄ አንድ ክር ነው።

ሌላው ክር ፍርድ ቤት ነው። በ1905 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሎክነር በሚባለው ክስ የኒውዮርክ ዳቦ ጋጋሪ በቀን ከ10 ሰዓት፣ በሳምንት ከ60 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ የሚከለክለውን ሕግ 5 ለ 4 ሻረው። ሠራተኛው የፈለገውን ያህል ሰዓት ለመሥራት መዋዋል ነፃነቱ ነው፣ መንግሥት ምን አገባው ነው ነገሩ። በ1908 ግን ኦሪገን ውስጥ በላውንደሪ ለሚሠሩ ሴቶች የወጣውን የ10 ሰዓት ገደብ ያው ፍርድ ቤት አጸደቀው፣ ጠበቃው ሉዊስ ብራንዳይስ ስለ ሕግ ሁለት ገጽ ብቻ ጽፎ የቀረውን ከመቶ ገጽ በላይ በጤናና በሥራ መረጃ ስለሞላው፣ ደግሞም ዳኞቹ ሴት እናት ስለሆነች ጥበቃ ያስፈልጋታል ብለው ስላመኑ። ይሄ ለሴቶቹ ድል ነው ወይስ «ደካማ ናችሁ» የሚል ማኅተም? እሱ ራሱ ሌላ ኤሴይ ይወጣዋል።

ወደ ፊት ደግሞ ጎትቺው። ከቃጠሎው በኋላ የግዛቱ ምክር ቤት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ፣ ሮበርት ዋግነርና አል ስሚዝ መሩት፣ ፋብሪካ ለፋብሪካ ዞሩ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ30 በላይ አዳዲስ ሕጎች ወጡ፣ የእሳት ልምምድ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት በር፣ የኢንስፔክተር ቁጥር መጨመር ምናምን። ያን ቅዳሜ እዚያው ሰፈር ሰው ቤት ሻይ ልትጠጣ ተቀምጣ የነበረች፣ ጩኸት ሰምታ ሮጣ ሰዎቹ ሲዘሉ ያየች ፍራንሲስ ፐርኪንስ የምትባል ሴት ነበረች። 1933 ላይ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች፣ በካቢኔ ውስጥ የመጀመሪያዋ ሴት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ሲረቀቅ ከዋናዎቹ አንዷ እሷ ናት።

አየሽ፣ ከአንድ በር ተነስተን ኢሚግሬሽን፣ ዩኒየን፣ ፍርድ ቤት፣ ፖለቲካ፣ የሴቶች ጉዳይ፣ ኒው ዲል (የ1930ዎቹ የመንግሥት ማሻሻያ) ድረስ ሄድን፣ ሁሉም ደግሞ ከዚያች ቅዳሜ ጋ የተሳሰረ ስለሆነ አይጠፋሽም። የሚድተርሙን ጥያቄ አሁን ብትጠየቂ «መንግሥት እጁን ያስገባው ሕግ ስላልነበረ አይደለም፣ የነበረው ሕግ የሚያስፈጽመው አጥቶ ሰው ስለገደለ ነው፣ ያንን ደግሞ ሠራተኞቹ ሴቶች ቀድመው ሲጮሁበት ነበር» ብለሽ ትጀምሪያለሽ። ሰው «የለም፣ ፖለቲከኞቹ የስደተኛውን ድምፅ ፈልገው ነው» ሊልሽ ይችላል፣ እውነትም አለው፣ አል ስሚዝና ዋግነር ታማኒ ሆል ከሚባለው የድምፅ ቸርቻሪ ድርጅት የወጡ ናቸው። ያንንም ጻፊውና መልሺለት። አስተማሪሽ ክርክር ያለሽ ይሄንን ነው።

ሁለተኛ ክር ከፈለግሽ ሄንሪ ፎርድ ጥሩ ነው። በ1914 ጃንዋሪ ላይ የቀን ደሞዝ 5 ዶላር አደርጋለሁ አለ፣ በፊት ከነበረው እጥፍ ማለት ነው። ቴክስትቡኩ ደግነት ያስመስለዋል። ጥያቄው ግን ለምን በዚያ ዓመት የሚለው ነው፦ በ1913 መኪናውን በሚሄድ መስመር ላይ መገጣጠም ጀምሮ፣ በፊት ለአንድ መኪና ከ12 ሰዓት በላይ የሚፈጀው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወረደ፣ ሥራው ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ብሎን ማጥበቅ ሆነና ሰው እየጣለ ጠፋበት። 5 ዶላሩ ሰው ማቆያ ነው። እሱንም ለማግኘት የኩባንያው ሰዎች ቤትሽ ድረስ መጥተው ንጹሕ መሆንሽን፣ አለመጠጣትሽን፣ ገንዘብ ማስቀመጥሽን ያያሉ። ማን አገኘ፣ ማን ከፈለ፣ ማን ውጭ ቀረ፣ ካርድሽ ጀርባ ላይ እነዚህን ሦስቱን ጻፊ፣ ፊቱ ላይ ያለውን ዓመት ለመግቢያ ብቻ ተጠቀሚበት።

ጥያቄ፦ ለአዘጋጁ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ቨርጂኒያ የምኖር አባት ነኝ። ልጄ 11ኛ ክፍል ሆና ኤፒ (የኮሌጅ ደረጃ ያለው) የአሜሪካ ታሪክ ትማራለች፣ ጎበዝ ናት፣ ግን እኔን ግራ እያጋባችኝ ነው። አንድ ሳምንት ሩዝቬልት ጀግና ነው ትላለች፣ በሚቀጥለው ዘረኛ ነው ትላለች፣ ፕሬዚዳንት ዊልሰንም እንደዚሁ። አስተማሪዋ የሚያስተምሯት ታሪክ ነው ወይስ ሐሜት? ደግሞ ዲቢኪው የሚባል ነገር ይዛ ሌሊት ሙሉ ታለቅሳለች፣ እንግሊዝኛዬ ብዙም ስላልሆነ ልረዳት አልቻልኩም። (ግራ የገባው አባት)

መልስ፦ ጌታዬ፣ ልጅዎ ሁለቱንም ሳምንት ልክ ናት።

ሩዝቬልት በ1901 ፕሬዚዳንት በሆነ በወሩ ጥቁሩን መምህር ቡከር ቲ ዋሽንግተንን ዋይት ሀውስ እራት ጋበዘው፣ የደቡብ ጋዜጦች አገር ይያዝልን አሉ። በ1906 ደግሞ ይኸው ሰው ብራውንስቪል ቴክሳስ ውስጥ ተኩስ ተከፈተ ተብሎ ማን እንደተኮሰ ሳይረጋገጥ 167 ጥቁር ወታደሮችን ያለ ፍርድ ከሠራዊቱ አባረረ፣ ውሳኔውንም ይፋ ያደረገው የኮንግረስ ምርጫው ካለፈ በኋላ ነው፣ ጥቁር መራጭ ሳያኮርፍበት ማለት ነው። ሠራዊቱ ስማቸውን ያጸዳው 1972 ላይ ነው፣ ያኔ በሕይወት የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ጀግና ወይስ ዘረኛ ብሎ አንዱን መምረጥ አያስፈልጋትም፣ እራቱንም ማባረሩንም ያደረገው አንድ ሰው ነው፣ እንዴት ሆነ ብላ ትጠይቅ።

ዊልሰንም ያው ነው። ፌዴራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ) የተቋቋመው በሱ ጊዜ ነው፣ 1913። በልጆች ጉልበት የተሠራ ዕቃ ከግዛት ግዛት እንዳይሸጥ የሚከለክለውን ሕግ 1916 ላይ ፈርሟል (ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሁለት ዓመት ሳይቆይ ሻረው እንጂ)። በዚያው በ1913 ግን በዋሽንግተን መሥሪያ ቤቶች አብረው ይሠሩ የነበሩ ጥቁርና ነጭ ሠራተኞችን የሱ ሹማምንት ለያዩዋቸው፣ ቆይቶም ለመንግሥት ሥራ የሚያመለክት ሰው ፎቶ አያይዝ ተባለ፣ ፎቶው ለምን እንደሆነ መቼም ይገባዎታል። ዓለምን ለዴሞክራሲ እናመቻች ብሎ ጦርነት በገባበት ጊዜ ደግሞ ጦርነቱን ተቃውሞ የተናገረውን ሶሻሊስቱን ዩጂን ዴብስን 10 ዓመት አስፈረዱበት። ዴብስ በ1920 አትላንታ እስር ቤት ሆኖ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ከ900 ሺህ በላይ ድምፅ አገኘ! ዊልሰን አልፈታም አለ፣ የፈታው ከሱ በኋላ የመጣው ሃርዲንግ ነው፣ ያ ሁሉ ሰው ሰነፍ ፕሬዚዳንት የሚለው ሃርዲንግ። እኔ በግሌ ይህን ዘመን የምወደው ለዚህ ነው፣ ማንንም አንድ ሳጥን ውስጥ ከተው መዝጋት አይችሉም።

ዲቢኪው ማለት ደግሞ ሰባት አጫጭር ሰነዶች ይሰጧታል፣ ደብዳቤ፣ ካርቱን፣ የንግግር ቁራጭ፣ ፎቶ፣ ከዚያ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ማንበቢያውን ጨምሮ፣ እነሱን ይዛ ሙግት ትጽፋለች። ብዙ ልጆች የሚወድቁት ሰነዱ የሚለውን በራሳቸው ቃል እየደገሙ ስለሚጨርሱ ነው። ነጥቡ ያለው ማን ጻፈው፣ ለማን፣ ለምን፣ በምን ሰዓት የሚለው ላይ ነው። ይሄንን ለመጠየቅ እንግሊዝኛ አያስፈልግዎትም። እራት ላይ አንዱን ሰነድ በአማርኛ ተርኪልኝ ይበሏት፣ ከዚያ ልክ ጎረቤት ወሬ ሲያመጣብዎት እንደሚጠይቁት ይጠይቋት፦ ይሄ ሰውዬ ምን አግኝቶ ነው እንዲህ የሚለው? ማን እንዲሰማለት ነው? እሷም በአማርኛ ስታስረዳዎት ያልገባት የቱ ጋ እንደሆነ ራሷ ታገኘዋለች። አይንገሯት ብቻ፣ ይጠይቋት። አባት ሲጠይቅና አባት ሲያስተምር ልጅ የሚሰማው ለየቅል ነው፣ ከራሴ ቤት ነው የምነግርዎት።

ለማሳቂያ ደግሞ ይቺን ይንገሯት፦ በ1912 ምርጫ ሩዝቬልት የራሱን ፓርቲ ጥሎ በአዲስ ፓርቲ ሲወዳደር ሚልዋኪ ላይ ደረቱን በጥይት ተመታ። ኪሱ ውስጥ የታጠፈ 50 ገጽ ንግግርና የመነጽር ማኅደር ስለነበረ ጥይቱ በሱ አልፎ በርዶ ገባ። ሰውዬው ሐኪም ቤት በመሄድ ፈንታ መድረክ ላይ ወጥቶ ደሙ እየታየ ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገረ። ምርጫውን ግን ተሸነፈ፣ ሪፐብሊካኑ በሱና ያኔ ፕሬዚዳንት በነበረው በታፍት መካከል ስለተሰነጠቀ ዊልሰን በ42 ከመቶ ገደማ ድምፅ ብቻ አሸነፈ። ይሄንን ከሰማች 1912ን አትረሳትም፣ ንግግር አጭር ይሁን የሚሉ አስተማሪ ካላትም መልስ ይሆናታል።

ጥያቄ፦ ብሮ እንዴት ነህ፣ እኔ ሲያትል ነኝ፣ ማታ ማታ እነዳለሁ ቀን ክላስ አለኝ፣ 10 ገጽ የሪሰርች ፔፐር ከ1900 እስከ 1930 ባለው ላይ ጻፉ ተባልን፣ ፕራይመሪ ሶርስ (በዚያው ዘመን የተጻፈ ማስረጃ) የግድ ነው አለ፣ አርካይቭ ሄጄ የምቀመጥበት ጊዜ የለኝም ብርም የለኝም፣ ርዕስም አልመረጥኩም፣ ጓደኛዬ በኤአይ አስጽፈው ይለኛል፣ ምን ትላለህ? (እንቅልፍ ያጣ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልህ፣ ኤአይ የሌለ መጽሐፍ ከነገጹ ፈጥሮ ይሰጥሃል፣ አስተማሪው አንዷን ፈልጎ ካጣት አለቀልህ። ሐሳብ ለማጠያየቅ ተጠቀምበት፣ ለማስረጃ ግን አትመነው።

ርዕሱን ደግሞ እየነዳህበት ነው! በ1919 ፌብሩዋሪ ላይ ሲያትል ሙሉ በሙሉ ቆማ ነበር። የመርከብ ፋብሪካ ሠራተኞች በጦርነቱ ጊዜ ደሞዛቸው እንዳይጨመር ታግዶ ቆይቶ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ይጨመርልን ብለው አድማ መቱ፣ ወደ 35 ሺህ ገደማ። ከዚያ ፌብሩዋሪ 6 የከተማው ዩኒየኖች በሙሉ አብረዋቸው ወጡና 65 ሺህ ሰው ሆነ። ለአምስት ቀን ትራም የለ፣ ሱቅ የለ። የሚገርመው ብጥብጥ አልነበረም፣ አድመኞቹ ራሳቸው የምግብ አዳራሽ ከፍተው ሰው ያበላሉ፣ ለሕፃናት ወተት ያድላሉ፣ የሆስፒታል ልብስ አጣቢዎች እንዲሠሩ ፈቅደዋል። ከንቲባው ኦሊ ሃንሰን ግን አብዮት ነው ብሎ ወታደርና ፖሊስ አሰለፈ፣ አድማው ሲቆም ደግሞ እኔ ነኝ ያዳንኳት ብሎ አገር እየዞረ በንግግር ገንዘብ ሠራበት። ደሞዙም አልተጨመረም። ከሩሲያ አብዮት ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም፣ ሰው ፈርቷል፣ የዚያን ዓመት የቀይ ፍርሃት (የኮሚኒስት ፍርሃት) የሚሉት ነገር ከነዚህ ነው የተቀጣጠለው።

ሶርሱ በነፃ ነው። የኮንግረስ ላይብረሪ ክሮኒክሊንግ አሜሪካ የሚባል የድሮ ጋዜጦች ስብስብ ኦንላይን አለው፣ አካውንት አይጠይቅ፣ ብር አይጠይቅ፣ መንገደኛ ስትጠብቅ በስልክህ ታነባለህ። የዚያን ሳምንት ሲያትል ስታር የሚባለውን ጋዜጣ አውጣ፣ ከዚያ የሠራተኞቹን የራሳቸውን ዕለታዊ ጋዜጣ ዩኒየን ሬከርድን ፈልግ፣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ስለዚህ አድማ ብዙ ነገር ሰብስቦ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። ሁለቱ ጋዜጦች አንዱን ቀን እንዴት እንዳወሩት ጎን ለጎን አስቀምጥ፣ አሥሩ ገጽ ራሱ ነው የሚጽፈው።

ስትፈልግ ግን የዛሬን ቃል አትጠቀም። «አንደኛው የዓለም ጦርነት» ብትል 1917 ላይ ምንም አይወጣልህም፣ ሁለተኛው መች መጣና፣ እነሱ «የአውሮፓ ጦርነት» ወይ «ታላቁ ጦርነት» ነው የሚሉት። ስለ ጥቁሮች የሚጽፉበት ቃል ዛሬ የማይባል ነው፣ እሱን ቃል ካልጻፍክ ግን ገጹን አታገኘውም፣ ፔፐርህ ላይ ስትጠቅሰው በጥቅስ ውስጥ አድርገው። ደግሞ ጋዜጦቹ በማሽን የተነበቡ ስለሆኑ ፊደል ይሳሳታሉ፣ አንድ ስም በሦስት አጻጻፍ ሞክር።

ሲያትል ካልጣመህ ሌላ አንድ አለኝ፣ ለራሴ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው፣ ለማንም አልናገረውም ነበር። በ1903 ማርሴይ የነበረው የአሜሪካ ቆንስል ሮበርት ስኪነር በሩዝቬልት ተልኮ፣ የባሕር ኃይል ወታደሮች አጅበውት፣ ከጂቡቲ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ በበቅሎና በግመል አዲስ አበባ ገብቶ ዲሴምበር 27 ከምኒልክ ጋ የንግድ ውል ተፈራረመ። የመጣበት ዋና ነገር ጨርቅ ነው፣ ያኔ የአሜሪካ ጥጥ ጨርቅ፣ እኛ አቡጀዲ የምንለው ዓይነት፣ በዚያ አካባቢ ገበያው የደራ ነበር። እስቲ ክሩን ጎትት፦ ያን ጨርቅ ማን ሸመነው? በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡብ የጥጥ ፋብሪካዎች ልጆች ይሠሩ ነበር፣ ሉዊስ ሃይን ከ1908 ጀምሮ እየዞረ ፎቶ አንስቷቸዋል፣ ፎቶዎቹም እዚያው ኮንግረስ ላይብረሪ በነፃ አሉ። ዲፕሎማሲና የልጆች ጉልበት በአንድ ጣቃ ጨርቅ! አስተማሪህ እንዲህ ያለ ፔፐር በየቀኑ አያይም። ጋዜጦቹ ላይ «ኢትዮጵያ» ብለህ ሳይሆን «አቢሲኒያ» ብለህ ነው የምትፈልገው።

እና እባክህ ተኛ።

ጥያቄ፦ አጭር ጥያቄ ነው፣ 16ኛ 17ኛ 18ኛ 19ኛ የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች ይምታቱብኛል፣ ነገ ኩዊዝ አለኝ፣ መላ በል። (ነገ ያለበት)

መልስ፦ «ግብር ክፈል፣ ሴናተር ምረጥ፣ መጠጥ ተው፣ ሚስትህም ትምረጥ»፣ በቅደም ተከተል። ግጥም አይደለም ግን ይሠራል።

16ኛው የገቢ ግብር ነው፣ 1913። 17ኛው ሴናተር በግዛት ምክር ቤት መመረጡ ቀርቶ ሕዝብ በቀጥታ ይምረጠው ያለው ነው፣ እሱም 1913። 18ኛው መጠጥ መሥራትና መሸጥ ከለከለ፣ 1919 ጸድቆ 1920 ላይ ሥራ ላይ ዋለ፣ 1933 በ21ኛው ተሻረ። 19ኛው በ1920 ሴቶች በመላ አገሪቱ እንዲመርጡ ያደረገው ነው።

ሳይምታታብህ እንዲቀር ግን አገናኛቸው። ከ1913 በፊት የፌዴራል መንግሥቱ ከመጠጥ ቀረጥ ብዙ ገንዘብ ይሰበስብ ነበር፣ የገቢ ግብር ባይመጣ ኖሮ መጠጥ ይከልከል ማለት መንግሥትን ይራብ ማለት ነው፣ ስለዚህ 16ኛው ለ18ኛው መንገድ ጠርጎለታል። ለመጠጥ ክልከላው ለዓመታት ሲሟገቱ ከነበሩት ውስጥ ደግሞ ሴቶች ብዙ ናቸው፣ ባል ደሞዙን መጠጥ ቤት ጨርሶ ሲመጣ የሚጎዱት እነሱ ናቸውና፣ ብዙዎቹም እዚያ ትግል ላይ ነው የመምረጥ መብት እንደሚያስፈልጋቸው ያዩት። የቢራ ጠማቂዎቹም ይሄን ስለሚያውቁ ሴቶች እንዳይመርጡ ገንዘብ ያፈሱ ነበር።

አስተማሪው ቦነስ ጥያቄ ከጠየቀ፦ 19ኛው የጸደቀው ቴነሲ ላይ ነው፣ ኦገስት 1920፣ አንድ ድምፅ ሲጎድል ሃሪ በርን የሚባል የ24 ዓመት ተመራጭ የተቃዋሚዎቹን ቀይ ጽጌረዳ ደረቱ ላይ ሰክቶ ሳለ ድንገት «እደግፋለሁ» አለ። ኪሱ ውስጥ እናቱ የላከችለት ደግፍ የሚል ደብዳቤ ነበር። ስሟ ፌብ ነው፣ ኩዊዙ ላይ ከመጣ ያስታወስኩህ እኔ ነኝ።